በዓይን የሚዳኝ ሰው

በሰውነት ግንባታ ውድድር መድረክ ላይ ብረት የሚያነሳ የለም። የሚሮጥ የለም፣ የሚዘል የለም፣ ሰዓት የሚይዝ ዳኛም የለም። ተወዳዳሪው ለዓመታት ሲገፋው የኖረውን ብረት ጂም ውስጥ ትቶ ይመጣና ሰውነቱን ዘይት ተቀብቶ መብራት ፊት ይቆማል። ማን እንዳሸነፈ የሚወስነው የዳኞች ዓይን ብቻ ነው። በዚህ ስፖርት አንደኛ ሆኖ ለመቆየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ሁለት ሙያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ጡንቻ ማብቀል፣ ሌላው የተመልካችን ዓይን መማረክ። አርኖልድ ሽዋዚንገር በሁለተኛው ከመጀመሪያው ባልተናነሰ የተካነ ነበር። ግንበኛ ሲሆንም፣ ሕንፃ ሲገዛና ሲሸጥም፣ ፊልም ሲሠራም፣ በመጨረሻም የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ ሲሆን ይዞት የዞረው ይህንኑ ሙያ ነው። ጠቀመውም፣ ጎዳውም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1947 ግራዝ ከተማ አጠገብ ባለችው ታል በምትባል የኦስትሪያ መንደር ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመቱ ነበር። አገሪቱ በአራቱ አሸናፊ መንግሥታት ተከፋፍላ በጦር ትተዳደራለች። አባቱ ጉስታቭ የመንደሩ የፖሊስ አዛዥ ነው፤ የናዚ ፓርቲ አባል የነበረ፣ ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ፣ መጠጥ የሚያበዛና እጁ የሚከብድ ሰው። እናቱ አውሬሊያ ቤቱን በጎደሎ ታስተዳድራለች። የቧንቧ ውኃ፣ ስልክና ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የለም። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። አባትየው በአንድ ዓመት የሚበልጠውን ማይንሃርድን ከአርኖልድ ጋር በሩጫም በቡጢም ያፎካክራቸዋል፤ ለሚያሸንፈው ሙገሳ፣ ለተሸናፊው ፌዝ ነው።

በ14 ዓመቱ ጓደኛው ቪየና ይዞት ሄደ። ዓመቱ 1961 ነው፤ የዓለም የክብደት ማንሳት ሻምፒዮና እዚያ ይካሄድ ነበር። ሶቪየታዊው ዩሪ ቭላሶቭ ሁሉንም አሸነፈ። ልጁም ከመድረክ ጀርባ ሾልኮ ገብቶ ያንን ሰው በእጁ ጨበጠ። ቤቱ ተመልሶ የቭላሶቭን ፎቶ ከአልጋው በላይ ሰቀለ፤ አባቱ ግን የሩስያዊ ፎቶ አውርድና የጀርመን ወይም የኦስትሪያ ጀግና ስቀል እያለ ወተወተው። አላወረደውም። ሩስያ ዩክሬንን በወረረች ሰሞን፣ በማርች 2022፣ አርኖልድ ለሩስያ ሕዝብ ባስተላለፈው የቪዲዮ መልእክት መነሻ ያደረገው ይህንኑ ትዝታ ነበር።

እግር ኳስ ይጫወት ነበር። ቡድኑን ለእግር ማጠንከሪያ ብለው ወደ ጂም ሲወስዱት ኳሱን ረሳው። በታል ሐይቅ ዳር የኦስትሪያ ሻምፒዮን የነበረው ኩርት ማርኑል አየውና በግራዝ ሊበናው ስታዲየም ወዳለው የሥልጠና ክፍል ጠራው። ጂሙ ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል። እሱ ግን በመስኮት ሰብሮ እየገባ ብረቱን ይገፋ ነበር፤ በክረምት ማሞቂያ በሌለበት፣ ጣቶቹ ብረቱ ላይ እየተጣበቁ። እናቱ የልጇ ክፍል ግድግዳ ልብሳቸውን ባወለቁ ጡንቻማ ወንዶች ፎቶ ተሸፍኖ ስታይ ደንግጣ ሐኪም አማከረች።

ከፎቶዎቹ መካከል የአንዱ ባለቤት ሬጅ ፓርክ ነበር። ፓርክ ከእንግሊዟ ሊድስ የወጣ፣ ሦስት ጊዜ ሚስተር ዩኒቨርስ የተባለ ሰው ነው። በዚያ ማዕረግ ጣሊያን ውስጥ ሄርኩለስን ሆኖ ፊልም ሠራ፤ ደቡብ አፍሪካም ሄዶ ጂም ከፍቶ ነገደ። አርኖልድ የፓርክን ታሪክ በአንድ መጽሔት አነበበና ወደፊት የሚሄድበት መንገድ ተጽፎ የቀረበለት መሰለው፤ መጀመሪያ ማዕረጉን መውሰድ፣ በማዕረጉ ወደ ፊልም መግባት፣ ፊልሙን ወደ ሀብት መቀየር። አንድ የገጠር ልጅ ይህን ማለሙ አይደንቅም። የሚደንቀው መስመሩን ሳያዛንፍ መከተሉ ነው።

በ1965 ለአንድ ዓመት የውትድርና ግዴታው ገባ፤ ታንክ ነጂ ሆነ። በዚያው ዓመት ሽቱትጋርት ላይ የወጣቶች ሚስተር ዩሮፕ ውድድር ሲደረግ ከካምፕ ኮብልሎ ሄደ። አሸነፈ። ሲመለስ አንድ ሳምንት የወታደር እስር ቤት ውስጥ አደረ። ከሽቱትጋርት ይዞት የተመለሰው ዋንጫ ብቻ አልነበረም። ከሳርዲኒያ ደሴት የመጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበረ ፍራንኮ ኮሎምቡ የተባለ ጣሊያናዊ እዚያ ተዋወቀ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወዳጅ ሆነው ኖሩ።

ቀጥሎ ሙኒክ ነው። እዚያ ቀን ቀን ሰዎችን ያሠለጥናል፣ ጠዋትና ማታ የራሱን ይሠራል። በ1966 ለንደን ለሚስተር ዩኒቨርስ ቀርቦ በአሜሪካዊው ቼት ዮርተን ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ከዳኞቹ አንዱ ዋግ ቤኔት ግን ልጁን ወደደው። ምሥራቅ ለንደን ከጂሙ ጋር ወደተያያዘው ቤቱ አስገብቶ አኖረው፤ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ረዳው፣ ጡንቻን በሙዚቃ ታጅቦ ማሳየትንም አስተማረው። አርኖልድ መጀመሪያ ሙዚቃውን አልፈለገውም ነበር። በኋላ ግን መድረክ ላይ የሚለየው ይህ ሆነ፤ ሌሎቹ ጡንቻ ያሳያሉ፣ እሱ ትርኢት ያሳያል። በ1967 በ20 ዓመቱ ሚስተር ዩኒቨርስን ሲወስድ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ያሸነፈ አልነበረም። በዓመቱ የፕሮፌሽናሉን ደገመ።

አሜሪካ የደረሰው ተሸንፎ ነው ማለት ይቻላል። በሴፕቴምበር 1968 የመጽሔቶቹና የአካል ማጎልመሻ ዕቃዎቹ ነጋዴ ጆ ዊደር ማያሚ ላይ ለሚካሄደው ውድድር አስመጣው። 113 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲቆም አዳራሹን ይሞላል። ዳኞቹ ግን ከእሱ ወደ 30 ኪሎ የሚያንሰውን ፍራንክ ዜንን መረጡ። ዜን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቆዳው ሥር ስብ የለም፣ እያንዳንዱ ጅማት ተለይቶ ይታያል። አርኖልድ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ቆሞ ነበር። ሌሊቱን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሲያለቅስ እንዳደረ ራሱ ተናግሯል። ያን ዕለት የተረዳው ነገር ትልቅነት ብቻውን ዓይን እንደማይሞላ ነው።

ዊደር ግን አላባረረውም። ሎስ አንጀለስ አመጣው፤ የሳምንት አበል፣ ማደሪያና መኪና ሰጠው። በምትኩ የእሱ ምስልና በስሙ የሚወጡ ጽሑፎች የዊደርን መጽሔት ያደምቃሉ፣ መጽሔቱ ደግሞ የዊደርን የፕሮቲን ዱቄት ይሸጣል። ቬኒስ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ባለችው፣ ጆ ጎልድ በ1965 በከፈታት ጎልድስ ጂም በቀን ሁለት ጊዜ ይሠራ ጀመር። ፍራንኮንም ከአውሮፓ አስመጣው።

በጊዜው የማይበገረው ሰው ሰርጂዮ ኦሊቫ ነበር። ኦሊቫ በ1962 ለኩባ ክብደት ሊያነሳ ጃማይካ ሄዶ ከቡድኑ ጠፍቶ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ከዚያ ቺካጎ ገብቶ የኖረ ጥቁር ኩባዊ ነው። በ1969 ሚስተር ኦሎምፒያ በተባለው የስፖርቱ ታላቅ ውድድር አርኖልድን አሸነፈው። በ1970 ኒው ዮርክ ላይ እንደገና ተገናኙ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ጡንቻ ሲያወዳድሩ አዳራሹ ተናወጠ፤ ዳኞቹም መለየት አቃታቸው። አርኖልድ ራሱ እንደሚተርከው፣ ያኔ ወደ ኦሊቫ ጆሮ ጠጋ ብሎ «በቃ ደክሞኛል፣ እንውጣ» አለው። ኦሊቫ እሺ ብሎ መራመድ ሲጀምር አርኖልድ ባለበት ቆመ፤ እጁንም ዘርግቶ የሚሸሸውን ሰው ለተመልካቹ አሳየ። ሽልማቱን ወሰደ፤ 23 ዓመቱ ነበር። ይህን ታሪክ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ለኦሊቫ ግን ሳቅ እንዳልነበረ መገመት አያቅትም።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ከልጅነት ጀግናው ከሬጅ ፓርክ ጋር አንድ መድረክ ወጥቶ አሸንፎታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ነውና። በዚያን ዘመን የሰውነት ግንባታ ሽልማት ኪስ አይሞላም፤ ሻምፒዮኑ አንድ ሺህ ዶላር ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። በፌብሩዋሪ 1971 የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። የቤቶች ጭስ ማውጫና የአጥር ግንብ ፈራርሶ አደረ። ፍራንኮ ጣሊያን ሳለ ጡብ መደርደር ያውቅ ነበር። ሁለቱ «ከአውሮፓ የመጡ ግንበኞች» ብለው ጋዜጣ ላይ አስነገሩ፤ አውሮፓዊ የተባለ ነገር ሁሉ ከፍ ተደርጎ በሚታይበት ሰሞን ነው። አርኖልድ የሜትር መለኪያ ይዞ ግቢውን ይለካል። አሜሪካዊው ባለቤት በእግርና በኢንች የለመደ ስለሆነ ቁጥሩ ምንም አይገባውም። ከዚያ ሁለቱ በጀርመንኛ ይጨቃጨቃሉ፤ ፍራንኮ ይጮኻል፣ ዋጋውን ይቆልላል። አርኖልድ ወደ ባለቤቱ ዞሮ በስንት ልመና እንዳስቀነሰለት ይነግረዋል። ሰውየው አመስግኖ ይከፍላል። የግንቡ ሥራ እውነተኛ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ከመድረኩ የመጣ ነው።

ከጡቡ፣ በፖስታ ከሚሸጣቸው የሥልጠና መመሪያዎችና ከዊደር አበል ያጠራቀመው 27 ሺህ ዶላር ደረሰ። 10 ሺህ ከዊደር ተበድሮ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ስድስት መኖሪያ ያለው አፓርታማ ገዛ። አንዱን ራሱ ኖረበት፣ የቀሩትን አከራየ። የ1970ዎቹ የዋጋ ንረት አሜሪካውያንን ሲያስለቅስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት ያለውን ሰው አበለጸገ። አርኖልድ አንዱን እየሸጠ የሚበልጠውን ገዛ። ማታ ማታ ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ይማር ነበር፤ በ1979 በርቀት ትምህርት ከዊስኮንሲን ሱፒሪየር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመረቀ። በፊልም ስም ከማውጣቱ በፊት ሚሊዬነር ሆኗል። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ሆሊውድ ለጡንቻማ ሰው የሚሰጠው ሥራ የናዚ መኮንን ወይም የጭፈራ ቤት ዘበኛ መሆን ነው፤ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ተዋናይ ይቀበለዋል። የቤት ኪራይ ተቀባይ ግን አይሆንም ማለት ይችላል።

ከ1970 እስከ 1975 ሚስተር ኦሎምፒያን ማንም አልነጠቀውም። በእነዚያ ዓመታት ወንድሙ ጠጥቶ ሲነዳ በመኪና አደጋ ሞተ፤ አባቱ በ1972 መጨረሻ በስትሮክ ሄደ። ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበርም አልካደም፤ በወቅቱ በሕግ አልተከለከለም፣ ከሐኪም ነው የወሰድኩት ይላል። ከአንደኛዎቹ መካከል የማይወስድ ማግኘት ከባድ በሆነበት ዘመን ነው የተወዳደረው፤ ይህን ሳያነሱ ስለዚያ ዘመን ጡንቻ ማውራት ግማሹን መደበቅ ነው።

የ1975ቱ ውድድር ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ላይ ነበር። ጆርጅ በትለርና ሮበርት ፊዮሬ ካሜራ ይዘው ተከተሉት። ዋናው ተቀናቃኝ የኒው ዮርክ ፖሊስ ልጅ፣ ከልጅነቱ ጆሮው በቅጡ የማይሰማው ግዙፉ ሉ ፈሪኞ ነው። በውድድሩ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ አርኖልድ ከፈሪኞና ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ እየሳቀ እያጫወተ፣ ማሸነፉን ለእናቱ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ እንደነገራት ይናገራል። ልጁ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል፤ ውድድሩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለቀ። በዚሁ ፊልም ላይ አርኖልድ ለውድድር እየተዘጋጀ ስለነበር የአባቱን ቀብር እንዳልሄደ በቀዝቃዛ ፊት ያወራል። በኋላ ታሪኩ የሌላ ስፖርተኛ መሆኑን፣ ለፊልሙ እንዲመች ብሎ የራሱ አድርጎ መናገሩን አመነ። ገጸ ባሕርይ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ይፈጠራል። ፊልሙ፣ ፓምፒንግ አይረን፣ በ1977 ሲወጣ እስከዚያ ድረስ የጨለማ ክፍል ነገር ይመስል የነበረው ስፖርት ለአሜሪካ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ከሁሉም ይልቅ አርኖልድ ወጣ።

ፊልም የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ባይጀምረው ይሻል ነበር የሚባል ዓይነት ጅምር። በ1970 በወጣው ሄርኩለስ ኢን ኒው ዮርክ ስሙ አርኖልድ ስትሮንግ ተብሎ ተጻፈ፣ ድምፁም በሌላ ሰው ድምፅ ተተካ። በ1976 የቦብ ራፈልሰን ስቴይ ሀንግሪ ላይ ግን በእውነተኛ ስሙ ተጫውቶ የአዲስ ተዋናይ ጎልደን ግሎብ ተሸለመ። ከዚያ ጣሊያናዊው ፕሮዲውሰር ዲኖ ደ ሎረንቲስ ቢሮ ገባ። አጭር ሰው ነው፣ ጠረጴዛው ግን ሰፊ። አርኖልድ እንደሚተርከው ገና ሳይቀመጥ ለዚህ ቁመት ይህን የሚያህል ጠረጴዛ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀ፤ ስብሰባው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አለቀ። እንዲያም ሆኖ የኮናን ፊልም ሲታሰብ ዳይሬክተሩ ጆን ሚሊየስ ከእሱ ሌላ ሰው አልታየውም። ለኮናን ሰውነቱን እያዘጋጀ ሳለ በ1980 ሲድኒ ላይ ሳይጠበቅ ሚስተር ኦሎምፒያ ውስጥ ገባና ሰባተኛውን ማዕረግ ወሰደ። አዳራሹ አጉረመረመ። እንደ ቀድሞው አልሆነም፣ ዳኞቹ ያዩት ስሙን ነው የሚል ክርክር እስካሁን አልበረደም። ከተበለጡት አንዱ ማይክ ሜንትዘር ከዚያ ወዲያ ለውድድር አልቆመም።

ኮናን ዘ ባርባሪያን በ1982 ወጣ። በሴፕቴምበር 1983 አሜሪካዊ ዜግነቱን ማለ። በ1984 ደግሞ ጄምስ ካሜሮን ለተባለ ብዙም የማይታወቅ ዳይሬክተር ተርሚኔተርን ሠራ። መጀመሪያ የታሰበው ለጀግናው ለካይል ሪስ ሚና ነበር። ከካሜሮን ጋር ምሳ ሲበሉ ግን አርኖልድ ስለራሱ ሚና ትቶ ገዳዩ ማሽን እንዴት መራመድ እንዳለበት፣ መሣሪያ ሲሞላ ለምን ወደ እጁ ማየት እንደሌለበት ያብራራ ጀመር። ካሜሮን ማሽኑን ከፊቱ ተቀምጦ አገኘው። በፊልሙ የሚናገረው ጥቂት አረፍተ ነገር ብቻ ነው። የማይለዋወጥ ፊት፣ ዝግ ያለ አንገት፣ ከባድ እርምጃ፦ መድረክ ላይ አንድ አቋም ይዞ ትንፋሹን ቆልፎ መቆምን ለ15 ዓመት የተለማመደ ሰው ይህን ከማንም ተዋናይ ይልቅ ያውቀዋል።

ኮማንዶና ፕሬዴተር ተከተሉ። ከእነሱ የሚገርመው ግን በ1988 የወጣው ትዊንስ ነው። ስቱዲዮዎቹ አርኖልድ ያስቃል ብለው አላመኑም። እሱ፣ ዳኒ ደቪቶና ዳይሬክተሩ አይቫን ራይትማን ታዲያ ደመወዝ ይቅርብን፣ ከትርፉ ግን ድርሻ ስጡን አሉ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ አርኖልድ በሕይወቱ ከሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ ያገኘበት ይህ ፊልም እንደሆነ ይናገራል። ተከራዮቹን ያስተዳድር የነበረው ሰው እዚህም ውስጥ አለ። በ1991 ተርሚኔተር 2 የፊልም ሥራውን ጫፍ አደረሰው። በ1993 ላስት አክሽን ሂሮ ከጁራሲክ ፓርክ አንድ ሳምንት በኋላ ወጥቶ በዳይኖሰሮቹ ተረገጠ።

በዚህ መሃል ሌላ በር ተከፍቷል። በ1977 በአንድ የቴኒስ ውድድር ላይ ጋዜጠኛዋን ማሪያ ሽራይቨርን ተዋውቋት ነበር፤ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የእህት ልጅ ነች። በኤፕሪል 1986 ተጋቡ። እሱ ሪፐብሊካን፣ የእሷ ቤተሰብ የዴሞክራቶች ዋና ግንድ። በ1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ የአካል ብቃት ምክር ቤት ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙት፤ በራሱ አውሮፕላን ሃምሳውንም ግዛቶች ዞረ፣ ከየገዢዎቹ ጋር ተጨባበጠ። ከጂም ሎሪመር ጋር በ1989 ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ላይ የጀመሩት አርኖልድ ክላሲክ ውድድርም ስሙን በስፖርቱ ውስጥ እንዳይጠፋ አደረገ። በ1997 በተፈጥሮ ችግር ያለበትን የልቡን ክዳን በቀዶ ሕክምና አስቀየረ። በ2002 ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚሰጡ ፕሮግራሞች ገንዘብ የሚመድብ የሕዝብ ውሳኔ በካሊፎርኒያ አስጸደቀ። ልምምድ ነበር።

ዋናው ውድድር በሚቀጥለው ዓመት መጣ። ካሊፎርኒያ ከመብራት እጥረት ማግስት በበጀት ጉድለት ታምሳለች፤ የመኪና ዓመታዊ ክፍያ ሦስት እጥፍ ሆኗል። አገረ ገዢው ግሬይ ዴቪስ ዳግም ከተመረጠ ዓመት ሳይሞላው ከሥልጣን እንዲወርድ ሕዝብ ፊርማ አሰባሰበ። ተርሚኔተር 3 ሲኒማ ቤቶች ውስጥ እየታየ ነበር። ኦገስት 6 ቀን 2003 አርኖልድ በጄይ ሌኖ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለጨዋታ ቀረበ፤ አማካሪዎቹ እንኳ አልወዳደርም ሊል ነው ብለው ነበር የጠበቁት። እወዳደራለሁ አለ። 135 እጩዎች በተሰለፉበት ምርጫ በአንድ ክርክር ብቻ ተሳተፈ፤ የክርክሩ ጥያቄዎች አስቀድመው የታወቁ ነበሩ። ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሎስ አንጀለስ ታይምስ ያለፈቃዳቸው ነክቶናል የሚሉ ሴቶችን ቃል አወጣ። እሱም ጥፋት መሥራቱን በጥቅሉ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዝርዝሩን ግን ሁሉ አልተቀበለም። ኦክቶበር 7 በ48.6 በመቶ ድምፅ አሸነፈ።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን የመኪናውን ክፍያ ጭማሪ ሰረዘ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ክፍያ ይገኝ የነበረው ግን በዓመት ወደ አራት ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ጉድለቱን ለመሸፈን በሚቀጥለው ማርች መራጩን የ15 ቢሊዮን ዶላር ብድር አስፈቀደ። የኋላ ችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በዓይን የሚታየውን አደረገ፤ የማይታየው ሒሳብ ግን እየቆየ መጣ። ደመወዙን አልወሰደም። ምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ማጨስ ስለተከለከለ ግቢው መሃል ድንኳን አስተክሎ የሕግ አውጪዎችን በሲጋር ጭስ ውስጥ ያግባባ ነበር። በድንኳኑ የተስማሙለትም ነበሩ። አንድ ቀን ግን በጀት አላጸድቅም ያሉትን እንደ ሴት የሚሽኮረመሙ ወንዶች ብሎ ዘለፋቸው። በ2004 መጨረሻ ደግሞ የተቃወሙትን ነርሶች እንደሚያሸንፋቸው ፎክሮ ተናገረ። ነርሶቹ ዓመቱን ሙሉ በሄደበት ሁሉ ሰልፍ ይዘው ተከተሉት። ፈሪኞን ቁርስ ላይ ዝም ያሰኘው ዘዴ ነርሶች ላይ አልሠራም።

በኖቬምበር 2005 በመምህራን፣ በሠራተኛ ማኅበራት፣ በበጀትና በምርጫ ክልል አከላለል ላይ አራት የሕዝብ ውሳኔዎች አቀረበ። አራቱም ወደቁ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በእኔ ግምት ከሰባቱ ዋንጫዎች ይበልጣል፤ መሸነፉን አምኖ ተለወጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፣ ዴሞክራቷን ሱዛን ኬኔዲን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ አድርጎ ሾመ፣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር መሥራት ጀመረ። በሴፕቴምበር 2006 ከዴሞክራቱ አፈ ጉባኤ ፋቢያን ኑኜዝ ጋር ሆኖ ካሊፎርኒያ የበካይ ጋዝ ልቀቷን በ2020 ወደ 1990 ደረጃ እንድትመልስ የሚያስገድደውን ሕግ ፈረመ። በ1992 የጦር ሠራዊቱ ሃምቪ መኪና ለሲቪል ገበያ እንዲቀርብ የወተወተው ይኸው ሰው ነበር። ግዛቲቱም ግቡን ከተባለው ዓመት ቀድማ መታች። እሱም በኖቬምበር 2006 በሰፊ ልዩነት ዳግም ተመረጠ።

የትውልድ አገሩ ግን ተቀይማው ነበር። በዲሴምበር 2005 ስታንሊ ዊልያምስ የተባለ የሞት ፍርደኛ ምሕረት ሲጠይቅ አርኖልድ እምቢ አለ፤ ሰውየውም በሳን ክዊንቲን ተገደለ። ኦስትሪያ የሞት ቅጣትን ከሻረች ቆይታለች። ግራዝ ውስጥ ስሙ ከስታዲየሙ ይነሳ የሚል ጩኸት ሲበረታ አርኖልድ ራሱ ቀድሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስሜን አንሱ ብሎ፣ ከተማዋ የሸለመችውን የክብር ቀለበት በፖስታ መለሰላት። ስሙ የተነሳው በልጅነቱ ብረት መግፋት የጀመረበት ሊበናው ላይ ካለው ስታዲየም ነው።

ሁለተኛው ዘመኑ በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ተደቆሰ። በጁላይ 2009 ግዛቲቱ ለዕቃና አገልግሎት አቅራቢዎቿና ለግብር ከፋዮቿ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የዕዳ ወረቀት መስጠት ጀመረች። ሥራ አጥነት ከ12 በመቶ በላይ ወጣ። በጃንዋሪ 2011 ቢሮውን ሲለቅ ድጋፉ በአንዳንድ መለኪያ ሩብ አይሞላም ነበር፤ ከወንበሩ ያወረደው ግሬይ ዴቪስ ከነበረበት ብዙም የማይርቅ። በዚያው ሜይ ከማሪያ ጋር መለያየታቸው ተሰማ፤ ወዲያውም ከቤት ሠራተኛቸው የወለደው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ደብቆ ያቆየው ወንድ ልጅ እንዳለው ታወቀ። ሙያው መታየት የሆነ ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ከገዛ ቤቱ ዓይን የሸሸገው ነገር ይህ ነው። ፍቺው የተጠናቀቀው በ2021 ነው።

ወደ ፊልም ተመለሰ፤ ገበያው ግን የቀድሞው አልነበረም። በ2012 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የፖሊሲ ተቋም ተከፈተ። በ2018 ልቡ እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ፍራንኮ ኮሎምቡ፣ በኋላ የአጥንትና የጀርባ ሐኪም የሆነው፣ ራሱም ሁለት ጊዜ ሚስተር ኦሎምፒያን የወሰደው፣ በኦገስት 2019 ትውልድ ደሴቱ ሳርዲኒያ አጠገብ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ሞተ። በጃንዋሪ 2021 የዋሽንግተኑ ምክር ቤት በተወረረ ሰሞን አርኖልድ በቪዲዮ ቀርቦ ስለ አባቱ ትውልድ ተናገረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ጥፋታቸውን በመጠጥ ስለሚያስረሱ፣ ልጆቻቸውን ስለሚደበድቡ የተሰበሩ ወንዶች። በፓምፒንግ አይረን ላይ ስለ አባቱ የፈጠራ ታሪክ ያወራው ሰው በ73 ዓመቱ እውነተኛውን አወራ። በ2023 ፉባር በተባለ ተከታታይ ድራማ ኔትፍሊክስ ላይ መጣ፣ በዓመቱ የልብ ምት መቆጣጠሪያ አስገባ።

ከአገረ ገዢነቱ ዘመን ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ሥራ ግን ፊልም የማይሠራበት ነገር ነው፤ የምርጫ ክልሎችን ወሰን ፖለቲከኞች ሳይሆኑ የዜጎች ኮሚሽን እንዲያሰምር የሚያደርገው ሥርዓት። በ2005 ከወደቁት አራቱ አንዱ ተመሳሳይ ዓላማ ነበረው፤ ኮሚሽኑ በ2008 ለጥቂት አልፎ ጸደቀ፣ በ2010 የአገሪቱን ኮንግረስ ወንበሮችም እንዲጨምር ተደረገ። በ2025 ቴክሳስ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ግፊት ለሪፐብሊካኖች የሚያደላ ካርታ ስታወጣ የካሊፎርኒያው ገዢ ጋቪን ኒውሰም ለዴሞክራቶች የሚያደላ ካርታ አቅርቦ ኮሚሽኑን ለጊዜው ወደ ጎን ለማድረግ ሕዝብ ውሳኔ ጠራ። አርኖልድ የገዛ ፓርቲውን ሰዎች የቴክሳስ ሥራ እያወገዘ የኒውሰምንም ተቃወመ፤ ቲሸርት ለብሶ ጂም ውስጥ ፎቶ ተነሳ፣ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ወጣ፣ ተናገረ። ኖቬምበር 4 ቀን መራጩ የኒውሰምን ካርታ በሰፊ ልዩነት አጸደቀ። ካርታው ለ2026፣ ለ2028 እና ለ2030 ምርጫዎች ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ኮሚሽኑ ይመለሳል።